ልቀቁት፣ ያዙት እና የወንድሜ ደወል

ወንድሜ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ማኅበር የአዳራሽ ሠራተኛ ነበር። ወንበር ይደረድራል፣ ድምፅ ማጉያ ይፈትሻል፤ ክርክር ሲኖር ደግሞ መድረኩ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ ባለ እጀታ የነሐስ ደወል ይደውላል። እኔ የዚያው ማኅበር መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ሰው ሲሞት ቅዱስ ይደረጋል፤ እሱ ግን ቅዱስ አልነበረም።

ለአንድ ተናጋሪ አሥር ደቂቃ ይሰጣል። ደወሉ ከጮኸ ፕሮፌሰርም ይሁን ሚኒስትር ቁጭ ይላል። ዕድሜ ልኩን ሲታዘዝ የኖረ ሰው በዚያች ጠረጴዛ ያዝዝ ነበር። ደወሉን በሸሚዙ እጅጌ ሲወለውል ልጅ የሚያጥብ ነበር የሚመስለው። የበሩ ዘበኛ «ጋሽ ደወል» ሲለው ደግሞ ፊቱ ይበራል።

ሁለት ባላንጣዎች ነበሩን። አንደኛው ንግግሩን ሁሉ «ገበያውን ልቀቁት!» ብሎ ስለሚጨርስ ልቀቁት እንለዋለን። ሁለተኛው «ነጋዴውን ያዙት!» ስለሚል ያዙት ነው። የስኳር ዋጋ ሲወጣ ልቀቁት መንግሥትን፣ ያዙት ነጋዴውን ይከሳሉ፤ ሲወርድ ሁለቱም «ብዬ ነበር» ይላሉ።

ወንድሜ ከክርክሩ የሚገባው ነገር አልነበረም። አንዴ «ለመሆኑ ጋሼ፣ የዋጋ ግሽበት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ወሬ በዝቶ ፍሬ ሲጠፋ ነዋ» አለኝ። አድልዎም ነበረበት። ሰላም ሳይሉት ያለፉ ቀን ደወሉ ቀደም ይላል፤ ልቀቁትም ያዙትም ሰላም ብለውት አያውቁም።

ሁለቱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ተስማሙ፤ ወንድሜ ከደወሉ እንዲነሳ።

«ጊዜ ሸቀጥ ነው» አለ ልቀቁት በሥራ አመራሩ ስብሰባ። «የፈለገ ይግዛ፣ ያልፈለገ ይሽጥ። ደዋይ መሀል ምን ጥልቅ አደረገው?»

«ጊዜ የሕዝብ ሀብት ነው» አለ ያዙት። «ኮሚቴ ያከፋፍለው። ደዋይ ብሎ ነገር ምን ቤት ነው?»

ሥራ አመራሩ ማንንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ተቀበለ። ለየአባሉ የደቂቃ ኩፖን ታደለ፤ መሸጥ መለወጥ ተፈቀደ፤ ዋጋውን ግን ኮሚቴ ተመነው፣ ያውም ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አሳንሶ። ደወሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ወንድሜም የተሰበሩ ወንበሮችን እንዲጠብቅ ተከትሎት ገባ።

«አይዞህ ጋሼ» አልኩት።

«ምን ሆንኩና? ወንበር ቢያንስ አይናገርም» አለ። ራቱን ግን ሳይነካው ተነሳ።

በመጀመሪያው ክርክር ኩፖን የሚሸጥ ጠፋ። በዚያ ዋጋ ማን ይሸጣል? አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ አባል ሳይቀር ኩፖኑን ደረት ኪሱ ውስጥ ሸሽጎ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው ከዝምተኞቹ እየሰበሰበ በጓሮ በር በእጥፍ ድርብ እንደሚቸበችብ ተሰማ። ልቀቁት ደረቱን ነፍቶ ገዛ። ያዙትም ገዛ፤ እሱ ግን ጥቁር መነጽር አድርጎ። ዋጋን ከፊት ለፊት ሲጫኑት በጓሮ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ ለመርሳት ግን ያስፈልጋል።

ሁለቱ የኩፖን ክምራቸውን ታቅፈው መድረክ ወጡ። አስቁሙኝ ያለ የለ፣ የሚያስቆም የለ። ተሰብሳቢው አንድ ባንድ ሹልክ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ጌቶቼ፣ ላጠፋው ነው!» ብላ መብራቱን አጠፋችው። እነሱ በጨለማ ቀጠሉ።

በማግስቱ ወንድሜ ተጠራ።

«ገበያው ራሱ ደዋይ ፈለገ፤ ይኸው ማስረጃዬ!» አለ ልቀቁት።

«ተቆጣጣሪ የግድ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ማስረጃውም ይኸው!» አለ ያዙት።

«እሺ፣ ደወሌን ስጡኝ» አለ ወንድሜ። አቧራውን እዚያው ፊታቸው ላይ አራገፈው።

ከዚያ በኋላ እስኪታመም ድረስ ደወሉ ከእጁ አልወጣም። አልጋ ላይ ሳለ የፈራው ሞትን አልነበረም።

«እነዚያ ሁለቱ ቀብሬ ላይ መናገራቸው አይቀርም» አለኝ። «አደራ እታለም፣ ማስረጃ እንዳያደርጉኝ።»

አደረጉት። ሣጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳለ ልቀቁት ወንድሜን የነፃ ውድድር ፍሬ አደረገው። ያዙት ተራውን ሳይጠብቅ ገብቶ የፍትሐዊ ክፍፍል ዘብ ነበር አለ።

«በቁጥር ላስረዳ!»

«ቁጥርህን ያዝ፣ ሟቹ ራሱ ምስክሬ ነው!»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አክስታችን ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የውርስ ክርክር አለባቸው እንዴ?» አለችኝ።

አብሮት እንዲቀበር ያመጣሁትን ደወል ከቦርሳዬ አውጥቼ ደወልኩ።

ሁለቱም ያጋመሱትን ዓረፍተ ነገር ውጠው ዝም አሉ። ልማድ ነውና ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላቸው ወንበር ፈለጉ።

ወንበር የሚደረድረው ሰው ሣጥኑ ውስጥ ነበር።