ደንበኞቹን የሸጠው ፀጉር አስተካካይ

ሰፈሩ ሁሉ «እጀ ቀላሉ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ የኪራዩ፣ የግብሩና የፈቃድ እድሳቱ ሩጫ ሲያንገሸግሸው ሱቁን ከነስሙ ሸጠ። የገዛችው ሥራውን እሱ ዘንድ የተማረች ሠራተኛው ናት። ውሉ ውስጥ በአካባቢው ለአምስት ዓመት በሙያው እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ነበር። ተነበበለት፤ እሺ ብሎ ፈረመ። በእሱ ቤት መስታወትና ወንበር መሸጡ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ መቀስ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ የዓመታት ደንበኛው የሆነ ጡረተኛ አስተማሪ መጣ፤ ከዚያ ልጁ፤ ከዚያ የልጁ ባልደረቦች። እጀ ቀላሉ ሳንቲም አይነካም። የወዳጁን ፀጉር ቢያስተካክል ማን ምን አገባው?

አንድ ቀን ገዢዋ በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዝንብ እሽ ስል ነው የምውለው። ሱቁን የገዛሁበትን የባንክ ዕዳ ደግሞ ዝንብ አይከፍልልኝም። እባክዎ ይተዉት፤ አለዚያ ክስ ነው።»

«መቀስ አያያዝ ያሳየሁሽ እኔ!» ብሎ ጮኸባትና በንዴት ጦፎ ጠበቃ ወደሆነችው የእህቱ ልጅ ሄደ። ልጅቷ ስትሰማው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አጎቴ፣ የሸጥከው ወንበሩን ብቻ መሰለህ? ወንበሩ ላይ የሚቀመጡትንም እኮ ነው የሸጥከው።»

«በነፃ ነው የምሠራው!»

«እሱማ ይብሳል። ከነፃ ጋር ማን ይወዳደራል? ከከሰሰችህ ትረታሃለች።»

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ምን ዋጋ አለው? አውቶቡስ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል። ያለ ሥራው ሰው አልሆነም፤ ምግብ እንኳ አልዋጥ አለው። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ሱቁ ሄደ።

«ቅጠሪኝ» አላት።

«ጋሼ! እርስዎን?» አለች ደንግጣ። ቆይታም፣ «ደመወዝዎ ግን ከሌሎቹ አይበልጥም» አለችው።

«ማን ስለ ደመወዝ አወራ?»

በማግስቱ ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። አስተማሪው ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲነሳ ለዓመታት እንደለመደው ብሩን ለእጀ ቀላሉ ዘረጋለት። እሱም እንደልማዱ እጁን ሰደደ፤ መንገድ ላይ ግን መለሰው።

«ለባለሱቋ ስጣት» አለ። ባዶ እጁን ወደ መቀሱ መለሰ፤ ደግነቱ ቀጣዩ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶለት ነበር።