ከቁምስናችን ታሪክ የቀረው አልጋ

ክቡር የቁምስናችን ቆሞስ፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ምእመናንና ወዳጆቼ፤ ነገ ለሕትመት ሊገባ የነበረው የቁምስናችን ታሪክ ዛሬ በአንድ አልጋ ምክንያት ቆመ።

የታሪክ ዝግጅቱ ሰብሳቢ እንደመሆኔ ረቂቁን ቅድም እዚሁ ዘንዘልማ በሚገኘው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አነበብሁ። «ቁምስናው የተጀመረው ሕንፃው በተባረከ ዕለት ነው» ስል ከእምድብር መጥተው በፋብሪካ ያገለገሉት ጡረተኛ እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ታዲያ አልጋዬ እሑድ እሑድ ደጅ የሚወጣው ለምን ነበር?»

ለካ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የሚቀደሰው በእሳቸው የኪራይ ክፍል ነበር። ክፍሉ ስለሚጠብ ካህኑ ሳይደርሱ አልጋው ይወጣ ነበር።

«ሲዘንብ አልጋውን ወደ ሱቄ የማስገባው እኔ ነበርሁ» አሉ በእንግድነት የተገኙት የቀድሞ አከራያቸው ሐጂ ሰይድ።

«ፍራሹን ግን ረስተውት በሰበሰ!» አሏቸው እትዬ። አዳራሹ ሳቀ።

ሰነድ ፍለጋ ብዙ ቢሮ ዞሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቀመጡትን እናት ግን አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው ሰርዤ ስማቸውን ጻፍሁ። እትዬ አጠገቤ መጥተው አዩት።

«የሐጂንም ስም ያስገቡ» አሉኝ። «የፍራሹን ነገር ግን ይተዉላቸው።»

በየሰፈራችሁ ቤቱን ለጸሎት የለቀቀ ሰው ካለ ጻፉልኝ። ዛሬ ለተገኛችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ የተቃናው ታሪካችንም ለሕትመት በሰላም እንዲበቃ እመኛለሁ።