ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን አደረ?

ኮከብ አዳማ ውስጥ፣ ከጅቡቲ መንገድ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የምትኖርም የማትኖርም ሴት ናት። የምትኖረው እማማ መሰለች በተከራዩት የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ያረጀ መጋረጃ ጀርባ ነው። የማትኖረው ደግሞ የመንግሥት ሰው በመጣ ጊዜ ነው። የቀበሌ ቤት ላይ ደባል ማስገባት ክልክል ነዋ! ከታወቀ ቤቱ ይነጠቃል። ስለዚህ በር ሲንኳኳ ፍራሿ ተጠቅልሎ ከእማማ መሰለች አልጋ ሥር ይገባል፣ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። "የእህቴ ልጅ ናት፣ ከሞጆ ልትጠይቀኝ መጥታ" ይባላል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ግን ጎረቤቱም የየራሱን ደባል ደብቋልና ማን ማንን ያጋልጣል?

ኮከብ ከባድ መኪና ማቆሚያው ውስጥ የሹፌሮችን ልብስና ብርድ ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። ሰው አታምንም። ሰላምታ ሲበዛባት "ምን ፈልጎ ነው?" ትላለች። ልቧ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በአንድ ቃል ከቤት የሚወጣ ሰው ቃል ሁሉ ያስፈራዋል።

አንድ ጠዋት የቀበሌው አስተባባሪ ጉደታ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ታብሌት የያዘች ወጣት አስከትሎ መጣ።

"አካም ጅርቱ እማማ! ሊዲ ትባላለች። ስለ ቤት ችግር ጥናት ነው፤ አይስጉ፣ ለእናንተው ጥቅም ነው።"

የኮከብ ጆሮ ቆመ። የላይኛው ሰፈርም የፈረሰው ለእናንተው ጥቅም ተብሎ ነው።

ሊዲ በሩ ላይ ቆማ ታብሌቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገችና "የቤቱን ቦታ ያዘልኝ" ብላ ገባች። ኮከብ ይህንንም በልቧ ያዘች።

"እማማ፣ ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን አደረ?"

"እኔና እግዜር።"

"እሳቸውስ?"

"እሷማ እንግዳ ናት። ዛሬ ጠዋት ነው ከሞጆ የገባችው።"

ጉደታ መጋረጃውን አየ። ኮከብ ጉደታን አየች። ያውቃል? ካወቀስ እስከዛሬ ለምን ዝም አለ? ለየትኛው ቀን አስቀምጦት ነው?

"የስልክ ጥያቄ እንግዳንም ይመለከታል" አለች ሊዲ። "ስማርት ስልክ አለዎት?"

ኮከብ ከጡቷ ሥር በላስቲክ የታሰረች ስልኳን አወጣች። "ይቺ ናት። ታወራለች፣ ትሰማለች። ከዚህ በላይ ምን ታድርግልኝ?"

"ቁጥርዎን ይሰጡኛል? ውጤቱን እንልካለን።"

"የምን ውጤት? ደም ሰጠሁ እንዴ?"

ጉደታ ሳቀ። ወዲያው የሱ ስልክ ጮኸና ወደ ውጭ ወጣ፤ እማማ መሰለችም ለእንግዳ ውሃ ሊቀዱ ወደ ጓሮ ዞሩ። ሊዲ ይህችን ጊዜ ስትጠብቅ የነበረች ይመስል ወደ ኮከብ ጆሮ ተጠጋች።

"እዚህ እንደሚኖሩ ገብቶኛል። ስምዎን አልጽፍም። እንደ እርስዎ ያሉት ካልተቆጠሩ ግን በዚህ ሰፈር ቤት የቸገረው የለም ተብሎ ይጻፋል። ልጻፍዎት?"

ኮከብን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። "አዎ" ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ያ ታብሌት በሩን ይዞታል። በሩን ካወቀ ስሙ ቀረ አልቀረ ምን ለውጥ አለው? ይሄኔ ውጭ የቆመው ሰውዬ ልኳት ቢሆንስ?

"የምኖረው ሞጆ ነው" አለች።

ሊዲ ተነፈሰችና ታብሌቷን ነካች። እማማ መሰለች ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ሆነው ተመዘገቡ። ቤት የሚነጥቀውን ሰው ደጅ አቁሞ "ቤት አለሽ ወይ?" ማለት ጥናት ነው? ይህን ያሰበ ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ደባል ሆኖ አላደረም!

እማማ መሰለች ግን ከጓሮ ሲመለሱ ሁለቱ ጆሮ ለጆሮ እንደገጠሙ አይተዋል። እንግዶቹ እንደወጡ በሩን ዘጉ።

"ምን ስታንሾካሽኩ ነበር?"

"እዚህ ትኖሪያለሽ ወይ አለችኝ፣ አልኖርም አልኳት።"

"ለዚህ ጆሮ መነካካት ያስፈልጋል? ኮንዶሚኒየም ቃል ገባችልሽ?"

"ኮንዶሚኒየም በሹክሹክታ ይሰጣል እንዴ?"

"በምን እንደሚሰጥማ ማን አየ!"

"እማማ፣ በማርያም…"

"ማርያምን አታንሺብኝ! ነገሩ እስኪበርድ ሌላ ቦታ እደሪ።"

ፍራሹን ከአልጋው ሥር ጎትተው በሩ ሥር አኖሩት። ክፉ አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር። ኮከብ አልለመነችም።

ሊዲ ስትወጣ "ሐሳብዎን ከቀየሩ ይደውሉ" ብላ ቁጥር ትታላት ነበር። ኮከብ ከመኪና ማቆሚያው ደወለችላት። ሊዲ ዱከም መንገድ ላይ ነበረች። "ውይ እህቴ፣ የዚያ ቤት መጠይቅ ተልኳል፤ ማስተካከል አይቻልም። የቤት ችግረኞች በራሳቸው በኢንተርኔት የሚሞሉት ቅጽ ግን አለ፣ አሁኑኑ በመልእክት እልክልዎታለሁ" አለች። መልእክቱ መጣ። የኮከብ ስልክ አማርኛ አያነብም፤ ባዶ ሳጥን ብቻ ደረደረባት። ኢንተርኔት የሌለውን ቤት አልባ በኢንተርኔት ተመዝገብ ይሉታል!

በማግሥቱ ጉደታ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ሊከፍት ሲመጣ በረንዳው ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ኮከብ ተቀምጣበታለች።

"አንቺ! ከየት መጣሽ?"

የእማማ መሰለችን በር ለመጥራት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። አልጠራችም።

"ከየት መጣሽ ብለህ አትጠይቀኝ" አለችው፤ እስከ ትናንት "እርስዎ" ነበር የምትለው። "የት እንዳደርኩ ግን አይተሃል። ጻፍ።"

ጉደታ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ቁልፉን ኪሱ መለሰ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ማን ነው የላከሽ?" አላት።