ከመኪናው የወረደችው ሚስቴ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ዝም ብል ውለታ የበላሁ ይመስለኛልና ጌታ ያደረገልኝን እንድናገር ፍቀዱልኝ። አገሬ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። ገበሬ ነበርሁ። አንገቴ ላይ ማተብ ነበር፤ ልቤ ግን ጌታን አያውቀውም ነበር።

ጥሩነሽን ካገባሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጀርባዬ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። ምንም አላልሁትም። ኋላ አንድ ቀን የጋለ ማረሻ ነክቼ ሥጋዬ ሸተተ፤ ሕመሙ ግን አልተሰማኝም። ቁምጥና ነበር፤ እያደር ጣቶቼም ይቆረጡ ጀመር። የመንደራችን ጭቃ ሹም ከሰው ተለይቼ ማሳዬ ዳር ጎጆ እንድቀልስ አዘዘኝ። የጥሩነሽ አባት በቅሎ ጭነው ሊወስዷት መጡ። ገና ልጅ እንደሆነች፣ ሌላ ባል እንደማታጣ ነገሯት።

“አባባ፣ በደኅናው ቀን አብሬው በልቻለሁ። አሁን ትቼው የት ልሂድ?” አለቻቸው።

በቅሎዋ ባዶዋን ተመለሰች። ጌታ ይመስገን።

ደሴ አጠገብ ይህን ደዌ የሚያክም የሚስዮን ሐኪም ቤት አለ ሲሉ ሰማን። እስከ ወረኢሉ በእግር ሄደን የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ረዳቱ እጄን ሲያይ ውረድ አለኝ፤ ሴቲቱ ግን መሄድ ትችላለች አለ። ጥሩነሽ ስልቻዋን አንሥታ ወረደች። አንቺ እንኳ ሂጂ ብላት ዳገቱን ፊት ፊት ትወጣው ጀመር። በየመንገዱ “አብሽሩ፣ አላህ ያሽራችሁ” እያሉ ቆሎ የሰጡንን ሁሉ ጌታ ይባርካቸው።

ስንደርስ ሐኪሙ መረመረኝና ኪኒኑን ሳላቋርጥ ከዋጥሁ በሽታው እንደሚሞት፣ የሄዱት ጣቶቼ ግን እንደማይመለሱ ነገረኝ። ቁስሌን የሚያጥብልኝ ድሬሰር አማኝ ነበር። ኢየሱስ ለምጻሙን በእጁ እንደዳሰሰው ይነግረኛል፤ እኔ አልሰማውም። አንድ ቀን ጌታ የታመነ ነው ቢለኝ፣ መታመን ማለት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየኝ። ጥሩነሽ የቁስሌን ጨርቅ ታጥባለች።

“እስቲ እሷን እያት። ይህን ልብ ማን የሰጣት ይመስልሃል?” አለኝ።

ወንድሞቼ፣ እንደ ልጅ አለቀስሁ። ለካ እኔ ሳላውቀው ጌታ በሚስቴ እጅ ሲያስታምመኝ ኖሯል። እዚያው አልጋው ላይ ሕይወቴን ሰጠሁት። ሃሌ ሉያ።

ነጽተሃል ተብዬ አገሬ ስገባ ደግሞ ሃይማኖት ለወጠ ተባለ። ዘመዶቿ አሁንስ ፍቺው አሏት። እሷ ያን ጊዜ ገና አላመነችም ነበር፤ ሆኖም እንቢ አለቻቸው። እኔም አላስገደድኋትም። ብቻዬን ስጸልይ በር ላይ ቆማ ትሰማኝ ነበር። ሲውል ሲያድር አንድ ጠዋት መጥታ ጎኔ ተንበረከከችና፣ “ለእኔም ጸልይልኝ” አለችኝ።

ይኸው ዛሬ ከእናንተ መካከል ተቀምጣለች፤ አሁን አንገቷን ደፍታለች። በእነዚህ ጉንድሽ እጆቼ አርሳለሁ፣ ልጆቼን አቅፋለሁ፣ ስሙ ይባረክ። ሰው ሁሉ ጥሎኛል የምትሉ ካላችሁ፣ ወደ ጌታ ቅረቡ። እሱ እንደማይጥል እኔና እሷ ምስክሮች ነን።