ሁለተኛ ኅትመት ያልተፈቀደላቸው አታሚ

ፊደል ለቃሚና መጽሐፍ ጠራዥ የነበሩት አቶ አንጁሎ ዳልኬ ሞተዋል። ለብዙ ጊዜ ታመው ከቆዩ በኋላ ባለፈው እሑድ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚገኘው ቤታቸው አርፈው ሰኞ ተቀበሩ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ሥርዓተ ቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አናድዶኝ ነው። «ለከተማችን ብርቅ መጽሐፍ ያበረከቱ» ተባሉ። ጋሽ አንጁሎ መጽሐፉ ብርቅ ሆኖ እንዳይቀር ሲለፉ የሞቱ ሰው ናቸው። ሟች መልስ አይሰጥምና ደህና አድርገው አሞገሷቸው።

ያወቅኋቸው ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ የፈተና ወረቀት ለማሳተም ስመላለስ ነው። የሚሠሩበት ማተሚያ ቤት አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩትን የማተሚያ ፊደሎች ከየሳጥናቸው ሲለቅሙ ዓይናቸው ከእንግዳው ጋር ነው፤ ጣታቸው ብቻውን ይሠራል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ቀለሙን ስለሚያቀጥነው ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግለው ያትማሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይጠርዛሉ። የሠርግ ካርድ ለማሳተም አቅም የሚያንሳቸው ሙሽሮች ሲመጡ፣ ቀለሙን ሆን ብለው ትንሽ አደብዝዘው ያትሙና «ይሄ ተበላሽቶብኛል፤ ከምጥለው ውሰዱልኝ» ይላሉ። በዚያ ዘመን ሲቀላ ውስጥ በደበዘዘ ካርድ ያልተጠራ ሰው አላውቅም።

መጽሐፉ የመጣው ከትውልድ መንደራቸው ከኦቾሎ ነው። በዕረፍት ቀናቸው ወደዚያ እየወጡ፣ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ሜዳ የመሬትና የውኃ ጠብ እንዴት ይፈታ እንደነበር ሲተርኩ ያዳምጡ ነበር። ከነዚህ ነጋሪዎች አንዱ ሸማኔው አቶ ሻንቃ ናቸው። ጋሽ አንጁሎ የሰሙትን ረቂቅ ሳይጽፉ በቀጥታ በእርሳስ ፊደል ደረደሩት። «ታትሞ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይዤ እመጣለሁ» ብለውም ቃል ገቡ።

መሥሪያ ቤቱ ግን «የተረት መጽሐፍ» ለማተም ፈቃደኛ አልነበረም። ዘመኑ የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው፤ የሚፈለገው ለክቡራን እንግዶች የሚሰጥ ስጦታ ነው። ጋሽ አንጁሎም ስጦታ ሠሩላቸው። ወፍራም ወረቀት፣ በፍየል ቆዳ የተለበጠና በጋለ ብረት ሐረግ የተደጎሰ ሽፋን፤ የሽፋኑ ውስጥ ደግሞ እንደ ጥንቱ የብራና መጽሐፍ ጨርቅ የለበሰ፣ ጨርቁም የአቶ ሻንቃ ሽመና ነው። ስልሳ ቅጂ ብቻ፣ እያንዳንዱ በእጃቸው ቁጥር የተጻፈበት። «የመጀመሪያው ለፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ለሰው ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ተራ ወረቀት ላይ የሚታተም፣ ሸማኔ ከሥራው አጠገብ ሊያኖረው የሚችል መጽሐፍ ነው። ለዚህም ሲሉ የተደረደሩትን ገጾች ሳይበትኑ፣ በሲባጎ አስረው መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው። ከስልሳው ለራሳቸው አንድ እንኳ አላስቀሩም። ሁለተኛው ይመጣላ!

ከበዓሉ በኋላ አንድ መጽሐፍ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጡ። ለሚታተም ፈተና የፊደል እርማት ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ሰውዬው ቆዳውን አሸተቱ፣ ሐረጉን ዳሰሱ፣ ቁጥሩን አዩ። አንድ መስመር ሲያነቡ አላየሁም።

«ስልሳ ብቻ ነው?»

«ስልሳ ብቻ!» አሉ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ።

«ተመልሶ አይታተምም?»

«በፍጹም!»

«ይታተማል እንጂ» አሉ ጋሽ አንጁሎ፤ «ገጾቹ እኮ እዚህ መደርደሪያ ላይ ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። «ጋሽ አንጁሎ ቀልድ ይወዳሉ» አሏቸው እንግዳውን።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አንጁሎ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ እንዳለ ተነገራቸው። ከፈቃድ ሲመለሱ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ በቦታው የፎቶ ኮፒ ማሽን ቆሟል። እርሳሱ «አሮጌ ንብረት» ተብሎ ተወግዷል። ፈልገው ፈልገው አባያ ዳር አገኙት፤ ዓሣ አስጋሪዎች አቅልጠው መረብ የሚያሰምጡበት ክብደት አድርገውታል። አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አንዱ ወጣት አስጋሪ ነገሩን ሲሰማ «አባባ፣ ለካ ዓሣው አልያዝ ያለን ማንበብ ጀምሮ ነው!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ጋሽ አንጁሎም ሳቁ። ወደ ከተማ ስንመለስ ግን «እነሱስ ቢያንስ ዓሣ ይይዙበታል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ መሥሪያ ቤቱ ካስቀረው ቅጂ አንዱን ለአንድ ቀን ተውሰው፣ በዚያው በመጣው ማሽን ኮፒ አድርገው ኦቾሎ ማድረስ። የተሰጣቸውን መልስ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ኮፒ ከተደረገማ ብርቅነቱ ምን ቀረ?» ሥራ አስኪያጅ ተቀየረ፣ መልሱ አልተቀየረም። ጡረታ ወጥተውም ይመላለሱ ነበር። በመሐሉ ኦቾሎ ላይ ነጋሪዎቹ ተራ በተራ ይሞታሉ፤ ጋሽ አንጁሎ እየወጡ ባዶ እጃቸውን ያለቅሳሉ። እኔ እነዚህን ቆንጆ መጻሕፍት የሚያከብሩ ሰዎች መጽሐፍ ይወዳሉ ብዬ አምኜ አላውቅም። የሚወዱት መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ አለመኖሩን ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ከቀብር መልስ፣ የመሥሪያ ቤቱ አንድ ወጣት ኃላፊ መጽሐፉን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ቆመው አሳዩ። ከኦቾሎ የወረዱት አቶ ሻንቃ ተነሡ። ከነጋሪዎቹ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ እስቲ ክፈታት።»

«አባቴ፣ ይህ እኮ ቅርስ ነው። ሲከፈት ይሰነጠቃል።»

«ውስጧ ያለችው ጨርቅ የእኔ ናት። አትሰነጠቅም። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ አንተ አንብብልኝ።»

«ሌላ ጊዜ ቢሮ ይምጡ፣ አባቴ።»

«መጥቼ ነበር። ቁልፍ የያዘው ሰው የለም አላችሁኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኃላፊውም አብረው ሳቁና መጽሐፉን ወደ ቆዳ ማኅደሩ መለሱት።

ጋሽ አንጁሎ፣ በዕንባ ልሸኝዎ አስቤ ነበር፤ ንዴቱ ቀደመኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥተኛ ነበሩ፣ ትዕግሥትዎም ምን እንዳተረፈልዎ አየሁ። አቶ ሻንቃ ያን ዕለት ማታ ወደ ኦቾሎ ተመልሰዋል፤ የነገሩዎትን አሁንም ማንም አላነበበላቸውም። መጽሐፉን አደርስልዎታለሁ ብዬ መቃብርዎ ላይ ቃል አልገባም። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም፤ እርስዎን ደግሞ በዚህ ከተማ በቂ ሰው ዋሽቶዎታል። ደህና ይሁኑ።