ያልገመትሁት ጠርሙስ

ሊወስዱኝ የመጡት ሰዎች መጀመሪያ ያዩት ጠርሙሶቹን ነው። መጻሕፍቱን አልነኩም፤ ስልኬን እንኳ የጠየቁኝ ኋላ ነው። አንደኛው በመስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ሁሉ ባዶ ጠርሙስ ለምንሽ ነው?»

«አሮጌ ስለሆነ ነው» አልሁ።

መልሱ ለራሴም አልጣመኝም። እውነቱ ግን ያው ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ አሮጌ ዕቃ የሚገዙት ቁራሌዎች ሁሉ ያውቁኝ ነበር። ከመሸንቲ ይሁን ከቆላ ድባ ገበያ፣ ያረጀ ጠርሙስ ካገኙ ለሌላ ሳያሳዩ ወደ እኔ ያመጡታል። ከፋብሪካ ሥራዬ ስመለስ ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። የመድኃኒት፣ የሽቶ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የወይን ጠጅ ጠርሙስ። ዕድሜውን የማውቀው በጣቴ ነው። በጎኑ የሚወጣው ስፌት እስከ ከንፈሩ ከዘለቀ የማሽን ሥራ ነው። ስፌቱ አንገቱ ላይ ከቆመ አፉን ያበጀው የሰው እጅ ነው። ስፌት ጭራሽ ከሌለው፣ ከሥሩም ሸካራ ጠባሳ ካለው፣ በሰው ትንፋሽ የተነፋ ነው። ያንን ጠባሳ እኔ እትብት እለዋለሁ።

ለሰዎቹ ይህን አላስረዳሁም። በዚያ ሰሞን በከተማው ጠርሙስ ማለት ቤንዚን ተሞልቶ፣ ጨርቅ ተወትፎበት የሚወረወር ነገር ነበር። ጠርሙሶቼን በጆንያ ከተቱና እኔንም እነሱንም በአንድ መኪና ጫኑን። በየጉድጓዱ ሲንኳኩ እየሰማሁ ሄድሁ።

ያስገቡኝ ሐይቁ ዳር ካለ መጋዘን ነው። ቀድሞ ማዳበሪያ ይቀመጥበት ስለነበር ሽታው ዓይን ያቃጥላል። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ሐይቁን አናየውም፤ የበሰበሰ እምቦጭ ጠረን ግን ይገባል። ጠዋት ጠዋት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱ ጫማ ያደረገ ሰው ይመስላሉ፤ በተራመዱ ቁጥር የምንጠራ እየመሰለን ቀና እንላለን። ለሴቶች በተከለለው ጥግ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዷ ከቁንዝላ የመጣች ዓሣ ነጋዴ ናት። ሌላዋ ከደሴት የሴቶች ገዳም የመጡ አሮጊት እማሆይ ናቸው።

«በምን ገባሽ?» አለችኝ ዓሣ ነጋዴዋ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«በጠርሙስ።»

«ጠጥተሽ?»

«ኧረ ባዶ ነው።»

ሳቀች። «በማርያም! እኔስ ዓሣ ይዤ ነው፤ ዓሣ መቼም ይሸታል። እማሆይ፣ ይነሡ እንጂ፣ ጓደኛ መጣልዎት!»

እማሆይም የታሰሩት በጠርሙስ ነበር። ከተማ ውስጥ ታማ ለተኛች እህታቸው ከገዳሙ ጠበል ይዘው ሲመጡ፣ ከጀልባ እንደወረዱ አስቆሟቸው። ጠርሙሱ ክዳን የለውም፤ እንደ ገዳሙ ልማድ አፉ በጨርቅ ተወትፎ በሰም ታሽጓል። ወታደሩ ያየው ጨርቁን ነው። «ጠበል ነው ልጄ፣ ቅመሰው» ብለውት ነበር። ቀምሶ ውሃ መሆኑን አውቋል። ኋላ መርማሪው «ውሃው ይደፋና ቤንዚን ይገባበታል» ብሎ አስቀራቸው።

«ሐይቁንም ይያዙት እንግዲህ» አለች ዓሣ ነጋዴዋ። «እሱም ይደፋል።»

እማሆይ አልሳቁም፤ ሳሉ። ሳላቸው ከደረታቸው ሥር የሚመጣ፣ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል ነበር። እህታቸው እሳቸው እዚህ ሳሉ እንደሞተች ሰምተዋል። «ቀደመችኝ» አሉኝ። «ጠበሉ እንግዲህ ለእኔ መሆኑ ነው። ጠርሙሱ ግን የኔ አይደለም። ያመነኮሱኝ እናቴ ሰጡኝ፤ ለሳቸውም የሳቸው እናት። ጠበሉን ለመሞቻዬ፣ ጠርሙሱን ለገዳሙ። ሌላ ምንም አልጠይቅ።»

ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መነጋገር ስለማንችል፣ ሲያባራ እየጠበቅን እናወራለን። ስለ ጠርሙስ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስለ ስፌቱ ነገርኋቸው፤ ስለ እትብቱም።

«ጠርሙስም እትብት አለው?»

«የተነፋ ከሆነ አለው፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ ወላጅ አለው» አሉ።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሶቼ ተወልውለው ተደርድረዋል። በጓሮው በኩል ብርጭቆ ሲሰበር ይሰማል። የማይረባውን እየሰባበሩ ነው አለኝ፣ ቦታ እንዳይዝ።

«ተቀመጪ፣ እመቤት። ዕውቀት አለሽ አሉ። እያነሣሽ የትኛው ውድ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ ንገሪኝ። ከዚያ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ቤትሽ ሲል ወንበሩን ስቤ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያውን አነሣሁ።

«ይህ ተራ ነው። ይህኛው ከጣሊያን ጊዜ ነው፤ አፉ ስለተሸረፈ ግን ሰብሳቢ አይፈልገውም። ይህ ሰማያዊው የመድኃኒት ነው። ውድ ነው።»

ውድ ያልሁትን ወደ ራሱ ይስባል፣ ተራውን ወደ በሩ ይገፋል። የራሴ ናቸው፣ ይሂዱ አልሁ በልቤ። እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ደረስን።

የመጨረሻው የኔ አልነበረም። አንገቱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ጨርቁ ከነሰሙ ያለበት፣ ውሃውም እስከ ትከሻው የሞላ። አነሣሁት። ስፌት የለውም። መስታወቱ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች አሉ፤ የነፋው ሰው ትንፋሽ ከተዘጋበት ያልወጣ። አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ ሥሩ ሄደ፤ እትብቱን አገኘው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ይዤ አላውቅም።

ተራ ነው ብል ውሸት ነው፤ ጓሮም ወስደው ይሰብሩታል። ውድ ነው ብል እሱ ይወስደዋል። መልሼ አስቀመጥሁት።

«ይህን አልገምትም።»

«ለምን?»

«ባለቤቲቱ ለገበያ አላወጡትም። ያልወጣ ዕቃ አይገመትም፤ የሥራችን ደንብ ነው።»

«ያንቺንስ ለገበያ አወጣሽልኝ እንዴ?»

«የኔን እኔ ተውሁት። የሳቸውን እኔ ልተወው አልችልም።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሌላውን ሁሉ ሳትጨነቂ ነገርሽኝ። እዚህ ላይ ጣትሽ ቆየ። አልገምትም ማለትሽ ራሱ ግምት ነው» አለና ጠርሙሱን ወደ ራሱ ሳበው። «ወደ ቦታዋ መልሷት።»

ቤቴ እንደማልገባ ገባኝ። ጠርሙሱም ገዳሙ አይገባም። እግሬ ግን አልተነሣም።

«ጠርሙሱን ይዘውታል» አልሁት። «ውሃው የሳቸው ነው። ውሃውን ይስጡኝ።»

«ሐይቅ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ውሃ ትለምኛለሽ?»

«የሳቸው ነው።»

ትከሻውን ነቀነቀ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ማንም ሳያዘው፣ የያዘውን የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በመስኮት ደፋና አቀበለኝ። ወደ ዓይኔ አላየም። ሰሙን በጥፍሬ ልጬ፣ ጨርቁን አወጣሁ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ውሃውን ወደ ላስቲኩ ገለበጥሁት። ጠብታ አልፈሰሰም። የላስቲኩን አፍ በዚያው ጨርቅ ወተፍሁ፤ ባዶውን ለመርማሪው አስቀመጥሁለት፣ ባዶ ጠርሙሶቼ አጠገብ።

ስገባ እማሆይ ተጋድመው ነበር። ላስቲኩን አዩ፤ ከዚያም ጨርቃቸውን አዩ።

«ጠርሙሱስ?»

«ቀረ፣ እማሆይ።»

ዓሣ ነጋዴዋ እማሆይን ደግፋ ቀና አደረገቻቸው።

«ዋጋው ስንት ነው አሉ?» አሉኝ እማሆይ።

«እነሱ አያውቁትም። እኔም አልነገርኋቸውም።»

«አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

«አዎ።»

«ለኔም አትንገሪኝ» አሉ። «ስንት ዘመን ጠበል ሲቀዳበት ኖረ፤ አንድም ሰው ዋጋ ጠይቆለት አያውቅም። እኔ ዘንድ ሲደርስ አይጠየቅ።»

ፍልሰታ ሳይፈታ ሞቱ። ሲነጋጋ ሳላቸው ተቋረጠና ዝምታው ቀሰቀሰን። ዓሣ ነጋዴዋ ዓይናቸውን ከደነች፤ እኔ ጨርቁን በላስቲኩ ጠበል እየነከርሁ ግንባራቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን አራስሁ። የምናውቀውን ያህል ጸሎት አደረስን። ቄስ አልተጠራም፤ ጠይቀን ነበር። ከዚያ በሸራ ይዘዋቸው ወጡ። የት እንደተቀበሩ ዛሬም የነገረኝ የለም። ለምን እንደታሰርሁ እንዳልነገሩኝ ሁሉ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲፈቱኝም ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

አሁን በምኖርበት ባዕድ አገር በብርዱ ወራት ፀሐይ ገና ቀን ሳለ ትጠልቃለች። ከምሠራበት ወደ ቤት ስመለስ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ መስኮቱ ጠርሙስ ሞልቶታል፤ በየአንዳንዱ አንገት ላይ የዋጋ ወረቀት ታስሯል። ብርዱን ለማምለጥ እገባለሁ። አነሣለሁ፤ ጣቴ ሥራውን አልረሳም፤ ስፌቱን ይከተላል፣ እትብቱን ይፈልጋል። ባለሱቁ ሽማግሌ ለምዶኛል። በቀደም ዕለት አንዱን አረንጓዴ ጠርሙስ አቀበለኝና «አንቺ ታውቂያለሽ፤ ይህ ስንት ያወጣል?» አለኝ። የሱ ዕቃ ነው፤ ለገበያ ያወጣውም ራሱ ነው። ነገርሁት።

የእማሆይ ጠርሙስ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ተሸጧል፤ ምናልባት በዚህ ዓይነት መስኮት ውስጥ ወረቀት ታስሮበት ቆሟል፤ ወይ ያኔውኑ ተሰብሯል። ወደ ገዳሙ እንዳልተመለሰ ግን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዋጋውን አሁንም አውቀዋለሁ። እዚህም አልጽፈውም።