የሳንባ በሽተኞቹ በረንዳ

ውጭ አገር ካለው ሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ የወጣነው ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ እኔ፣ የልጅ ልጄ ሄለንና ጋቢዬ። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከራሷ ከጨመረችበት ጉዷ ነው!

የምንሄደው ስዊዘርላንድ፣ ተራራ ላይ ወዳለች መንደር ነው። ልጅ ሆኜ ሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስተኛ፣ የዚያች መንደር ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበረ። ነርሷ፣ "እዚያ በሽተኛው በረንዳ ላይ ተኝቶ ንጹሕ አየር እየሳበ ይድናል" ትለን ነበር። አብሮኝ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ቀጫጫ ልጅ፣ "ስንድን እወስድሻለሁ" አለኝ። "መጀመሪያ ሳልህን ጨርስ!" አልኩት። ዳንን፣ ተጋባን፣ አምስት ወለድን። ሳይወስደኝ አምና ሞተ። እኔም እዚያ በረንዳ ላይ ሳልተኛማ አልሞትም አልኩ።

ረቡዕ፣ ከአውሮፕላን ወርደን

ትንሿ ባቡር እንደ ፍየል ተራራውን ወጣችው። ላሞቹ አንገታቸው ላይ ደወል አለ፤ ቅዳሴ የገባ መሰለኝ። ጣቢያው ጋ ሾርባ በአሥራ ስምንት ፍራንክ ጠጣን፤ በዚያ ዋጋ በጉንም ያሳዩኛል ብዬ ነበር።

የድሮው ሆስፒታል ሙዚየም ሆኗል። በረንዳው ላይ ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊታቸው ገመድ።

"እማዬ፣ ገመዱ እኮ ስቶፕ ማለት ነው። ፕሊስ ኢምባረስ እንዳታደርጊኝ!"

"ሂጂ ሽንት ቤት ፈልጊልኝ" ብዬ ላክኋት። ዞር ስትል በገመዱ ሥር ሾልኬ ተኛሁ፤ እስከ አፍንጫዬ በጋቢ ተጠቀለልኩ። አየሩ ጥድ ጥድ ይሸታል። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። "እኔስ መጣሁ፣ አንተ ቀረህ እንጂ" አልኩት።

ቀጭ፣ ቀጭ! አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ቱሪስቶች ፎቶ ያነሱኛል፤ ለሙዚየሙ የተሠራሁ አሻንጉሊት መስያቸዋለሁ። አንዷ ጉንጬን ልትነካ ስትጎነበስ፣ "እህህ!" ብዬ ሳልኩባት። ጩኸቷ ተራራውን ዞረ!

ሽማግሌው ዘበኛ ሮጦ መጣ፣ ሄለንም ደረሰች። ሶሪ፣ ሶሪ እያለች ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬው አየኝ፣ ሰዓቱን አየ፣ አንድ ነገር አለ።

"ምን አለ? ያባርረኛል?"

"ድሮ ሕጉ ሙሉ ሁለት ሰዓት መተኛት ነበር። ሳይጨርሱ መነሣት ክልክል ነው ይላል።"

ብርድ ልብስ ደረበልኝና ሄደ። ሁለቱንም ሰዓት ተኛኋት።

ቅዳሜ፣ ቤት

ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ አየሩም መድኃኒቱም ደግ ነው፤ እኔን ያዳነኝ ግን የዚያ ቀጫጫ ወሬ ነው። በረንዳዬን ከሞላው ካርቶን አጽድቼ ሁለት ወንበር አስቀመጥኩ። ሄለን በአንዱ ልትቀመጥ ስትል፣ "ተይ፣ ሰው አለበት!" አልኳት።

ከኪችን ሌላ ወንበር አምጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።